የጆሮ ጥቆማ

ጆሮ የሚለውን ስም ያወጡለት ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ በተቀጠረ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ምድር ቤት ካለው የድምፅ ማህደር ውስጥ ተቀምጦ፣ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ ስቱዲዮው ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ማራገቢያ አንዱ ብሎን መላላቱን ሰማና ወጥቶ ተናገረ። ሳቁበት። በሦስተኛው ቀን ማራገቢያው ተገንጥሎ ዜና አንባቢው ጠረጴዛ ላይ ወደቀ፤ ደግነቱ ዜና አንባቢው ሽንት ቤት ነበር። ከዚያ ወዲህ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቀው የሠራተኛ መዝገብ ብቻ ሆነ። ታናናሾቹ ጋሽ ጆሮ አሉት፤ እኩዮቹ ጆሮ። ሚስቱ እንኳ ሲያናድዳት «አንተ ጆሮ፣ የማትሰማው የኔን ብቻ ነው» ትለው ነበር።

ማህደሩ ከመንገዱ ስምንት ደረጃ ወደታች ይወርዳል። መስኮቱ አንድ ነው፤ በእሱም የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ጆሮ እዚያ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ሲቀመጥ በእጁ ያልጻፈው ካርድ አንድም አልነበረም። እያንዳንዱ ካርድ ሰባት መስመር አለው፦ ትክክለኛ ስም፣ የመድረክ ስም፣ አድራሻ፣ የተቀዳበት ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ርዝመት። አንዱ መስመር ባዶ ከሆነ ቅጂውን አይረከብም። «ቀን የሌለው ድምፅ ገና አልተሰማም ማለት ነው» ይላል። ግድግዳው ላይም ራሱ በታይፕ መትቶ ያስጸደቀው ደንብ ተሰቅሏል፦ ካርድ አይወጣም፣ አይሰረዝም፣ አይደበቅም፤ የጠየቀ ሁሉ ያያል። ለዚያች ለመጨረሻዋ ሐረግ ከሁለት ሥራ አስኪያጆች ጋር ተጣልቷል።

ሐሙስ ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓቱ ዜና በኋላ ሃያ ደቂቃ ነበረችው። ማንም ስላልፈለጋት ነው የተሰጠችው። በእሷም ማንም የማያውቃቸውን ሙዚቀኞች ያሰማ ጀመር። ዘፋኝ ብሎ ለመጥራት የሚያስቸግሩ፣ ዘፋኝ አይደሉም ብሎ ለማለት ደግሞ የሚከብዱ ሰዎች ነበሩ። አርባ የደወል ሰዓቶችን በየተራ እያስጮኸ ከሥሩ የሚያንጎራጉር ሰዓት ጠጋኝ ነበር። አንዲት የጥርስ ሐኪም ረዳት የመሰርሰሪያውን ድምፅ በኮምፒውተር አዘግይታ እንደ ክራር ገመድ ታስጨንቀውና በላዩ የፍቅር ግጥም ትዘፍንበታለች። ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ደግሞ ሦስት ቁልፍ የጎደለው የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ነበረው፤ በጎደሉት ቁልፎች ቦታ ላይ ሁልጊዜ ዝም ይላል፤ ያቺ ዝምታ ናት ሙዚቃው። እነዚህን ሰዎች ጆሮ በየጓሮው፣ በየጥገና ቤቱ፣ ጥግ ላይ ከተጣለ ቅጂ ውስጥ እየፈለገ ያገኛቸዋል። አግኝቶ ዝም አይልም። «ይኸን ሰው ስሙት፤ መጀመሪያ አይጥማችሁም፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን ተመልሳችሁ ትፈልጉታላችሁ» ብሎ ለማያውቀው ሕዝብ ይመክራል።

ዝግጅቱን «የጆሮ ጥቆማ» ያለው ራሱ ነው። የስቱዲዮው ቴክኒሽያን፣ ከቅጥነቱ የተነሣ ሽቦ የሚባለው፣ ያኔውኑ አላስቻለውም።

«ጋሼ፣ ጆሮ ላይ ጥቆማ ሲጨመርበት እኮ ጆሮ ጠቢ ነው የሚሆነው። ሠፈር ውስጥ ሰው ወሬ ያቆምብዎታል።»

«እኔ የምጠቁመው ሰው እንዲሰማ ነው እንጂ እንዲያዝ መሰለህ?»

«እሱን ለሚያዘው ያስረዱት።»

ሁለቱም ሳቁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ ሽቦ መስታወቱን ኳ ኳ አድርጎ «ዛሬ ማንን ነው የምናስይዘው?» ይል ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉም ሳቁ።

ሚስቱ የመጀመሪያዋ አድማጭ ነበረች። ረቡዕ ማታ ማታ ቅጂውን ቤት ይዞ ይሄዳል፤ እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ታዳምጣለች። ሙዚቃ አልተማረችም። ነገር ግን አንዳንዴ ቢላዋዋን ታቆምና «ይኸኛውን ተወው» ትለዋለች። «ለምን?» ሲላት «እኔ እንጃ፣ ሰውየው ለራሱ ነው ያለቀሰው» ትላለች። ይተወዋል። ተሳስታ አታውቅም። በዝግጅቱ ዘጠነኛ ዓመት ዝናቡ ሊገባ ሲል ሞተች። ሦስት ሳምንት ታማ ነው የሞተችው። ጆሮ ከዚያ ወር ውስጥ የሚያስታውሰው ቀን የለም ማለት ይቻላል፤ ቤት ተቀምጦ፣ ሰው እየገባ እየወጣ፣ ሬዲዮ ተዘግቶ፣ አንዱ ቀን ከሌላው ሳይለይ አለፈ።

ሥራ በተመለሰ በአራተኛው ወር ነው እንፋሎት የመጣችው።

እንፋሎት የመድረክ ስሟ ነው፤ መድረክ ግን ረግጣ አታውቅም። የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ውስጥ የቦይለር፣ የእንፋሎት ማፍሊያው ጋን፣ ተቆጣጣሪ ናት። ሠላሳ አልሞላትም፤ ቅንድቧ በሙቀት የሳሳ፣ ስትናገር ድምፅዋን ከማሽን በላይ ለማድረግ የለመደች። መቅጃዋን ከቱታዋ ኪስ አትለያትም። የእንፋሎቱን መትነን፣ የቧንቧውን መንኳኳት ቀድታ ቤቷ ታቀናብረዋለች፤ በላዩ ላይ እንደ እሽሩሩ ባለ ቀጭን ድምፅ ትዘፍናለች። ጆሮ ከዚህ በፊት ሁለት ሥራዋን ጠቁሟል። ያን ቀን ሦስተኛውን ይዛ ስትመጣ አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ ይኸኛው ይቀመጥልኝ» አለችው።

«ይቀመጣል፤ ካርዱን እንሙላ።»

ሰባቱንም መስመር አንድ በአንድ ነገረችው። ቀኑን ስትናገር ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው። ጆሮ እየጻፈ ነበር። ካርድ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት። ርዝመት፣ አርባ አንድ ደቂቃ።

«እዚህ የገባ ነገር አይጠፋም ብለውኝ ነበር አይደል?»

«አይጠፋም።»

«እንግዲህ ይቀመጥልኝ» ብላ ደገመችለትና ወጣች።

ሁሉም እንዲያ ይላሉ። ሰዓት ጠጋኙም ብሏል፤ ጡረተኛውም እጁን እያፍተለተለ ብሏል። የዓይናፋር ሰው አነጋገር ነው ብሎ ጆሮ ነገሩን እዚያው ተወው።

ሥራው ግን እንቅልፍ ነሣው። በአንዲት የቀጠነች ፉጨት ይጀምራል። ፉጨቷ ቀስ በቀስ፣ ሰሚው ልብ ሳይላት፣ ወደ ላይ ትወጣለች። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ የአንድ ወንድ ድምፅ ይገባል፤ «ይፉጭ» ይላል፣ ስልችት ብሎት። እንፋሎት ይህችን ቃል ወስዳ ደጋግማታለች፤ ይፉጭ፣ ይፉጭ፣ ይፉጭ፣ እንደ ከበሮ እስክትመታ ድረስ። ከዚያ በላይ የራሷ ዘፈን ይመጣል። ፉጨቷ ግን አታቋርጥም። በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቆረጣል። ጆሮ ሦስት ሌሊት አዳመጠው። አንድ ነገር ጎረበጠው፤ ያን ግን ለሙዚቃው ጥሩነት ቆጠረው። የሚያማክራት ሚስቱ አልነበረችም።

ሐሙስ አሰማው። አርባ አንዱ ደቂቃ ስለማይገባ አሥራ ስምንቱን መረጠ። እንደ ልማዱም ምንም አላስቀረም። «ይህ የእንፋሎት ሥራ ነው። አዲስ ናት፤ ስሟን ያዙ። የተቀዳው ማቅለሚያ ፋብሪካ ቦይለር ክፍል ውስጥ ነው» አለና ቀኑን ተናገረ፤ ቀጥሎም «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ጀምሮ» አለ። በዚህም አላበቃም። «ይፉጭ የሚለው ሰው ድምፅ ከሙዚቃ መሣሪያ ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ማን እንደሆነ የምታውቁ ጻፉልን።»

ሽቦ ከመስታወቱ ማዶ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። ጆሮ ሲወጣ ግን «ረዥም ነው፣ ጋሼ» ብቻ አለው።

ዓርብ ጠዋት ስልክ ተደወለ። የሴት ድምፅ ነው፤ የረጋ።

«የጥቆማው ሰውዬ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ፣ እመቤቴ።»

«ይፉጭ የሚለው ማን እንደሆነ ጻፉ ብለው ነበር። መጻፍ ስለማልችል ነው የደወልኩት። ፎርማኑ ነው።»

«ያውቁታል?»

«ባሌ እሱ ሥር ነበር የሚሠራ። እስቲ ቀኑን ይድገሙልኝ።»

ጆሮ ካርዱን አውጥቶ ደገመላት። ከሴትየዋ ጀርባ የልጅ ሳል ሰማ፣ በር ሲዘጋ ሰማ።

«ቦይለሩ የፈነዳው በዚያ ቀን ነው» አለች። «አራት ሰዓት ላይ። ስድስት ሰው ሞተ። ለእኛ የነገሩን ምንም ምልክት ሳያሳይ በድንገት ነው ብለው ነው። መግለጫውንም እናንተው ናችሁ ያነበባችሁት።»

ጣቢያው አንብቦት ነበር። ጆሮ አልሰማውም፤ ሚስቱ በሞተች በሦስተኛው ቀን ነበር።

ሴትየዋ ስታበቃ አድራሻዋን ጠየቃት። ስልኩን አስቀምጦ ካርዱን እንደያዘ ቆየ። ከሦስት ከሃያ እስከ አራት ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲጨመርበት አርባ አንድ ነው። ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ሠራው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ስምንቱን ደረጃ አንድ ሰው ወረደ። ጆሮ ከሰውየው በፊት ጫማውን ነው ያየው፤ ጥቁር፣ የተወለወለ፣ ጭቃ ያልነካው፣ ውጪ ዝናብ እየጣለ። ቡናማ ቦርሳ ይዟል። ስለ አደጋው ከተቋቋመው ኮሚቴ መምጣቱን ተናገረ እንጂ ስሙን አልተናገረም።

«እኔ እኮ የእርስዎ አድማጭ ነኝ» አለ ባለ ቦርሳው፣ ወንበር ስቦ። «ያቺ የጥርስ ሐኪሟ ረዳት፣ እሷን ከሰማሁ ወዲህ ጥርሴን ለመታከም ፈራሁ።» ሳቅ አለ። «ይቺ እንፋሎት ማን ናት?»

«የመድረክ ስም ነው።»

«ካርድ አለዎት አሉ። የጠየቀ ሁሉ ያያል ይላል ደንብዎ። ግሩም ደንብ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ይኸን ወረቀት አምጣ፣ ያን ፊርማ አምጣ ይሉኝ ነበር።»

ካርዱ ጠረጴዛው ላይ፣ በሰውየው ክንድና በጆሮ ክንድ መካከል ተገልብጦ ተኝቷል። ጆሮ መዝገቡን አነሣና በላዩ አኖረበት።

«ካርዶቹ ቆጠራ ላይ ናቸው» አለ። በሃያ ሰባት ዓመት የመጀመሪያ ውሸቱ ናት፤ አፉን እንደ ብረት ጣዕም ጎመዘዘችው። «ማክሰኞ ቢመለሱ።»

«ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ተኩል» አለ ባለ ቦርሳው ሳይከራከር። «ቆጠራ ጥሩ ነው። ምንም እንዳይጎድል።»

ጆሮ የፋብሪካው ሠራተኞች መኖሪያ የሄደው ሲመሻሽ ነው። እንፋሎት ያላት አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ አሮጌ ላፕቶፕና በፕላስተር የተጠገነ ማዳመጫ። በር ስትከፍት መምጣቱ አላስገረማትም።

«ሰማሁዎት» አለችው። «ዕረፍት ሰዓት ላይ ነበርን። ሴቶቹ ሁሉ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።»

«ልጄ፣ እኔ ቀኑን...»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ያስቀምጡልኝ ነው ያልኩት።»

«ሁሉም ሰው እንደዚያ ይላል።»

«ሁሉም ሰው አፍሮ ነው። እኔ ፈርቼ ነበር።»

እሷም ተቀመጠችና የሆነውን ነገረችው። የቦይለሩ ማስተንፈሻ ቫልቭ መፉጨት ሲጀምር ሦስት ጊዜ ፎርማኑ ዘንድ ሄዳለች። አንዴ «ይፉጭ» አላት፤ አንዴ «ትዕዛዝ አለብን፣ ዛሬ አይዘጋም» አላት፤ በመጨረሻ «ከፈራሽ ውጪ ቁሚ» አላት። ውጪ ቆመች። ለዚህ ነው በሕይወት ያለችው። የበር ጠባቂው ፉጨት ሰምቻለሁ ብሎ ለኮሚቴው ተናግሮ ነበር። ለተጨማሪ ጥያቄ ተብሎ ከተወሰደ ሁለት ወሩ ነው፤ ሚስቱ በየሳምንቱ ልብስ ይዛ ትሄዳለች፤ በየሳምንቱ ልብሱን ይዛ ትመለሳለች።

«ነገ ሂጂ» አላት።

«ወንድሜ ዘንድ የሚሄደው አውቶቡስ በሳምንት አንዴ ነው። ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት። ማክሰኞ ደግሞ ዕረፍቴ ነው፤ ማንም አይፈልገኝም። ከዚያ በፊት ከሥራ ብቀር እኔ ነኝ ብዬ በራሴ አፍ እንደመናገር ነው።»

«ሰውየው ማክሰኞ ስድስት ተኩል ይመጣል።»

ሁለቱም በመካከል የሚቀረውን አንድ ሰዓት ተኩል በልባቸው ለኩት።

«ካርዱስ?» አለችው።

«ካርዱ የኔ ጉዳይ ነው።»

«ድምፁን ግን እንዳያጠፉት፣ ጋሼ። ሰዎቹ እዚያ ውስጥ ናቸው። በሃያኛው ደቂቃ የሚስቀው፣ እሱ ከስድስቱ አንዱ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ጆሮ ማህደሩን ከውስጥ ቆለፈ። ቅጂውን በሁለት ፍላሽ አባዝቶ አንዱን በዚያች በደወለችው ሴት አድራሻ በፖስታ ላከው፤ ሌላውን የት እንዳኖረው ለማንም አልተናገረም። ከዚያ ካርድ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለትን አወጣ። የሰው ስም ቀድዶ አያውቅም። ስምንት ቦታ ቀደደው፤ የሽንት ቤቱን ውኃ ሦስት ጊዜ ለቀቀበት።

ከዚያው እሽግ በወጣ አዲስ ካርድ ላይ፣ በዚያው እስክሪብቶ፣ እንደገና ጻፈ። ትክክለኛ ስም፦ የራሱን ስም። የመድረክ ስም፦ እንፋሎት። አድራሻ፦ የራሱን ቤት። የተቀዳበት ቦታ አልተለወጠም። ቀኑ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ያን ቀን የት እንደነበር ያውቃል፤ ከዚያ ወር የቀረችለት ትዝታ እሷ ብቻ ናት። የሚስቱ እኅት ልብሶቹን እያጣጠፈች ነበር፤ እሱ ደግሞ የሹራቧን ቁልፎች አንድ በአንድ ይቆልፍ ነበር፤ ተቆልፎ የሚቀመጥ መስሎት። ያን ቀን አሁን ከራሱ ወስዶ ለፋብሪካው ሊሰጠው ነው። ጻፈው።

ባለ ቦርሳው ማክሰኞ ስድስት ተኩል ሲል ደረሰ። ካርዱን በሁለት ጣቱ ይዞ አነበበ፤ ገለበጠው፤ እንደገና አነበበው።

«እርስዎ?»

«እኔ።»

«በሬዲዮ እሷ ብለው ነበር። አዲስ ናት፣ ስሟን ያዙ።»

«ሰው ራሱን ይጠቁማል እንዴ?» አለ ጆሮ። «ነውር ነው። ሰው እንዳያውቅብኝ ነው።»

ባለ ቦርሳው ፈገግ አለ፤ ይህ ገባው። «ዘፈኑ ግን የሴት ነው።»

«የባለቤቴ ነው። በሕይወት ሳለች የቀዳሁት።»

«አሁንስ?»

«ሞታለች።»

«ይቅርታ። መቼ?»

ጆሮ ነገረው። ሰውየው ካርዱ ላይ ያለውን ቀን በጥፍሩ ነካ።

«በሞተች በሦስተኛው ቀን ፋብሪካ ሄደው ድምፅ ይቀዱ ነበር?»

«ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። በቦይለር ክፍሉ ጀርባ፣ በመስኮቱ በኩል ነው የቀዳሁት። ስሰለች ሄድኩ።»

«ሚስትዎን ገና ቀብረው።»

«አዎ።»

ሰውየው ካርዱን አስቀምጦ አየው። እንዲህ ያለ ውሸት ሰው በራሱ ላይ ይዋሻል ብሎ ለማሰብ የከበደው ይመስል ነበር። ቦርሳውን ከፈተና ነጭ ወረቀት አወጣ።

«ይህንኑ በእጅ ጽሑፍዎ ያስፍሩልኝ። እኔ ከዚህ ወደ ሠራተኞቹ መኖሪያ አልፋለሁ፤ ከዚያ ፈረቃ የተረፉ ሦስት ሰዎች አሉ፣ ለማመሳከር ያህል። ሩቅ አይደለም፣ በመኪና አሥር ደቂቃ ነው።»

ጆሮ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ለሰባት ሰዓት አምስት ጉዳይ።

እስክሪብቶውን አነሣ። ሲጽፍ አይቸኩልም፤ ያን ቀን ደግሞ ፊደሎቹን እንደ ድንጋይ ነበር የሚጠርባቸው። ግማሽ ገጽ ሲደርስ ቆመ።

«ተበላሸ» አለ።

«ምኑ?»

«ሐዘን የሚለውን በሃሌታው ሀ ጻፍኩት። በሐመሩ ሐ ነው።»

«ይነበባል እኮ።»

«መነበቡማ ይነበባል። ግን ማህደር የሚገባ ወረቀት ነው፤ ነገ ስሜ ከሥሩ አለ።» ወረቀቱን አጣጥፎ ጥግ አኖረ። «ሌላ አንሶላ ካለዎት።»

ሁለተኛውን ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ አበላሸው፤ ሠራተኛ በንጉሡ ሠ መሆን ሲገባው በእሳቱ ሰ ጽፎት ነበር። ባለ ቦርሳው ሳቅ ብሎ «አስተማሪዬን አስታወሱኝ፤ በአንዲት ፊደል ክፍሉን ሁሉ ያንበረክክ ነበር» አለ። ሦስተኛው ላይ ሰዓቱ ሰባት ከአርባ አምስት ሲል፣ ድምፅ የሚለውን ቃል በጸሎቱ ጸ ደምድሞት ተገኘ። ያን ጊዜ ሰውየው አልሳቀም። ቦርሳውን ዘግቶ ሊሄድ ተነሣ።

«ጋሽ ጆሮ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ካርድ ሲጽፉ ስንት ፊደል ስተዋል?»

«አልቆጠርኩም።»

«እኔ መደርደሪያውን እያየሁ ነበር የምጠብቅዎት። አንድ ስርዝ አላየሁም።»

ጆሮ አራተኛውን ወረቀት ወደ ራሱ ሳበ። «ዛሬ ስለ ሚስቴ ነው የምጽፈው» አለ። ይህቺ እውነት ነበረች፤ ከሚስቱ ሞት በቀር በዚያ ቀን ከተናገረው ሁሉ እውነት የነበረችው እሷ ብቻ ናት፤ ሰውየውንም መልሳ ያስቀመጠችው እሷ ሳትሆን አትቀርም። በመስኮቱ ጫማዎች አለፉ። ከመንገዱ ማዶ ትልቅ ሞተር አጓርቶ ራቀ፤ ጆሮ የጭነት መኪና መሆኑን ለየው። ጻፈ። ከሦስት ሰዓት ከሃያ ጀምሮ ብቻውን እንደነበር፣ ማንም እንዳልረዳው፣ ማንም እንዳላየው ጻፈ። ለሚስቱ የሚሆን ድምፅ ይፈልግ እንደነበር ጻፈ። ፈረመ። ከፊርማው ሥር ቀኑን፣ ከቀኑ አጠገብ ሰዓቱን አኖረ፤ ስምንት ሰዓት ከአሥራ አንድ።

ባለ ቦርሳው ቆሞ አነበበ። ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ ሄደ።

«አንድ ስሕተት የለበትም» አለ።

ጆሮ አውቶቡሱ በሰዓቱ ተነሥቶ እንደሆነ አያውቅም፤ እዚያ መስመር ላይ ግማሽ ሰዓት የሚዘገይበት ቀን አለ። ወንበሯ በመስኮት በኩል ይሁን በበሩ በኩል፣ መቅጃዋን ይዛ ይሁን ጥላ፣ ከዚህ ምድር ቤት ሆኖ የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም።

«ሠራተኞቹ መኖሪያ ይሄዳሉ?» አለ።

«እንሄዳለን» አለ ሰውየው። «ጃኬትዎን ይያዙ።»

ደረጃውን ሲወጡ ሽቦ ገመድ ጠቅልሎ ከላይ ይወርድ ነበር። ባለ ቦርሳውን አየ፤ ቀጥሎ ጆሮን። አፉን ከፈተና የለመደው ቀልድ ከአንደበቱ ሊወጣ ሲል መለሰው።

«ጋሼ፣ ለሐሙስ ምን ላዘጋጅ?» አለ በምትኩ፣ ዝግ ብሎ።

«የቆየ ድገም።»

«የማንን?»

ጆሮ እግሩን አንድ ደረጃ ላይ አሳርፎ አሰበ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ካርድ፣ ሁሉንም በስም ያውቃቸዋል፤ ሰዓት ጠጋኙ አድራሻው አለ፣ የጥርስ ሐኪሟ ረዳት አድራሻዋ አለ፣ ጡረተኛው ከነቤት ቁጥሩ አለ።

«የማንንም አታሰማ» አለው። «ሃያውን ደቂቃ ለዜናው ስጥ።»

ባለ ቦርሳው በሩን ከፍቶ ይዞለት ነበር። ውጪ ዝናቡ አባርቷል፤ መኪናው ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል።